«ሩቤላ ቀላል ነው፤ ልጆቹን ይያዛቸው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሩቤላ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በሐዋሳ እናቶች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ሩቤላ የኩፍኝ ቀላሉ ዓይነት ስለሆነ ኩፍኝ የተከተበ ወይም ታሞ የዳነ ልጅ አያሰጋውም፤ በሦስት ቀን የሚጠፋ ሽፍታ ስለሆነም ልጆች በተፈጥሮ ቢይዛቸው ይሻላል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ሽፍታ እስካልወጣባት ድረስ ጽንሷ አይነካም፤ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል፣ ያመክናል፣ ከጽንስ አካልም የተሠራ ነው፤ ግሪክ ክትባቱን ካስገባች በኋላ ጉዳት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት በዝተዋል፤ እኛ አገር ግን በሩቤላ የተጎዳ ሕፃን ታይቶ አይታወቅም። የጽሑፉ ባለቤት ማንነታቸውን ስላልገለጹ እኔም «ጸሐፊው» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

እኔ በዚሁ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጽሑፉን ያሳዩኝ ለክትትል የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው ሦስተኛ ወራቸውን ገና ያልጨረሱ ነበሩባቸው። ለመጻፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው፤ ስለ ሩቤላ በሚሰጥ የተሳሳተ ምክር ከእነዚህ ሴቶች የበለጠ የሚጎዳ የለም። ጸሐፊው ለእናቶች ተቆርቁረው እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ ካነሧቸው ነጥቦች አንዳንዶቹም እውነት ናቸው። ጽሑፉ አሳማኝ የሆነው እውነቱና ስሕተቱ አብረው ተሸምነው ስለቀረቡ ነውና ሁለቱን እየለየሁ ልሂድ።

ሩቤላ ለልጆች ቀላል ሕመም ነው የሚለው ትክክል ነው። ቫይረሱ በሚያስልና በሚያስነጥስ ሰው የትንፋሽ ጠብታ ይተላለፋል፤ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ሁለት ሳምንት ገደማ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል፤ ከዚያም ቀላል ትኩሳት፣ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ላይ የሚወጣ ንፍፊት፣ ከፊት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ስስ ሽፍታ ይታያል። ሽፍታው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቀን ገደማ ይጠፋል። በአዋቂ ሴቶች ላይ የጣት፣ የእጅ አንጓና የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ይበረታል፤ የአንጎል ብግነትን የመሰለ ከባድ ችግር ግን ከ6,000 ታማሚዎች በአንዱ ገደማ የሚደርስ ብርቅ ነገር ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለንም። የምንለያየው የበሽታውን ክብደት ሽፍታው በወጣበት ልጅ ላይ ብቻ በመመዘናቸው ነው። ሩቤላ ዋነኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ገና ባልተወለደው ልጅ ላይ ነው፤ ክትባቱም በዋናነት የተፈለገው ለእርሱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ልጅ ከሒሳቡ ውስጥ ከማውጣት ነው።

ሩቤላ የኩፍኝ ቀላሉ ዓይነት ነው ለሚለው መልሱ ረጅም አይደለም። ሁለቱ ሽፍታቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የሌላቸው ቫይረሶች ናቸው። የኩፍኝ ቫይረስ ፓራሚክሶቪሪዴ ከሚባለው ቤተሰብ ሲሆን፣ ሩቤላ ደግሞ ማቶናቪሪዴ ተብሎ ለብቻው በተመደበ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛል፤ የዘር መልእክታቸው የተጻፈበት አር ኤን ኤ እንኳ በርዝመትም በአነባበብም ይለያያል፤ የሩቤላው ወደ 9,800 ፊደላት፣ የኩፍኙ ወደ 15,900 ፊደላት አሉት። ስለዚህ ሰውነታችን ለአንዱ ያዘጋጀው የመከላከያ አካል ሌላውን አያውቀውም። በአገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የቆየው፣ በዘጠኝ ወር የሚጀመረውና ከ2019 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ15 ወር የሚደገመው ክትባት የኩፍኝ ብቻ ነበር። ካርዷ ላይ «ኩፍኝ» የሚል ምልክት ያለባት ወጣት ሴት ከኩፍኝ ተጠብቃለች እንጂ ከሩቤላ ተጠብቃለች ማለት አይደለም። ኩፍኝና ሩቤላ በአንድ መርፌ የሚሰጡበት ጥምር ክትባት አለ፤ ልጃቸው የተከተበው የትኛውን እንደሆነ ወላጆች ካርዱን ይዘው ክትባት ክፍል ቢጠይቁ ይነገራቸዋል።

አሁን ይበልጥ ወዳሳሰበኝ ነጥብ ልሻገር። ጸሐፊው «እናትየው ላይ ሽፍታ ካልታየ ቫይረሱ ደሟ ውስጥ አልገባም ማለት ነው፤ ስለዚህ ጽንሱ ሰላም ነው» ብለዋል። ይህ ዓረፍተ ነገር የበሽታውን ሂደት ገልብጦ ያየ ነው። ቫይረሱ በአፍንጫና በጉሮሮ ልባስ ላይ ከተራባ በኋላ በአካባቢው ወዳሉት የንፍፊት ዕጢዎች ያልፋል፤ ከዚያም ሰውየው ከተጋለጠ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ደም ይገባል። ሽፍታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ ሰውነት የመከላከያ አካላቱን ማምረት በጀመረበት ሰሞን ነው። ሽፍታው በወጣበት ቀን ቫይረሱ በደም ውስጥ ከተዘዋወረ ቀናት አልፈዋል፤ የእንግዴ ልጁም ዘንድ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ በሩቤላ ከሚያዙት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ጨርሶ ሽፍታ አይወጣባቸውም ወይም የሚያስተውሉት ምልክት አይኖራቸውም። እነዚህ ሴቶች ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጽንሳቸው እንደ ሌሎቹ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። «ምንም አልታመምሁም» ብላ በእርግጠኝነት የምትናገር እናት የተጎዳ ልጅ ልትወልድ የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ያለችውንም እናት ጥፋተኛ እንደሆነች እንዲሰማት የሚያደርግ ማንኛውም ንግግር ግፍ ነው።

ቫይረሱ የእንግዴ ልጁን ሲወርር የደም ሥሮቹን የውስጥ ልባስ ያቆስላል፤ በዚያው መንገድ ወደ ጽንሱ ደም ይገባል። ጽንሱ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት መልክ አለው። ጥቃቅን የደም ሥሮችን በማበላሸት ሕዋሳቱ እንዲሞቱ ያደርጋል፤ የተያዙ ሕዋሳትም የሚከፋፈሉበትን ፍጥነት ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ልብ፣ የዓይን ሌንስና የውስጥ ጆሮ እየተቀረጹ ስለሆነ፣ ሕዋሳት በተወሰነው ቀን በተወሰነው መጠን ካልተባዙ ያ የአካል ክፍል ጎድሎ ይቀራል፤ በኋላ የሚካካስበት ዕድል የለም። የአደጋው መጠን ከእርግዝናው ዕድሜ ጋር እንዲህ የሚለዋወጠውም ለዚህ ነው። የመከላከል አቅም የሌላት እናት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከተያዘች ጉዳት የመድረሱ ዕድል እስከ 85 በመቶ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በአራተኛው ወር ዋናው ጉዳት የመስማት ችግር ይሆናል፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ጉዳት መድረሱ ብርቅ ነው። አብዛኞቹ እናቶቻችን ለመጀመሪያ ክትትል የሚመጡት አደገኛው ጊዜ ሊያልፍ ሲል ወይም ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ የምንሰጠው ምክር ለያዙት እርግዝና ብዙም አይደርስለትም። መከላከሉ ከእርግዝናው በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ይህን ግንኙነት መጀመሪያ ያስተዋለው ኖርማን ግሬግ የተባለ የሲድኒ የዓይን ሐኪም ነው። በ1941 ባቀረበው ጽሑፍ የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ 78 ሕፃናትን መርምሮ፣ የ68ቱ እናቶች በእርግዝናቸው፣ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ሩቤላ ይዟቸው እንደነበር ገለጸ። ከዚያ በፊት ሩቤላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታወቅ የኖረ ቢሆንም ዓለም የሚያውቀው ጸሐፊው ዛሬ በሚገልጹት መልኩ፣ ማለትም ማንንም የማይጎዳ የልጆች ሽፍታ ተደርጎ ነበር። ግሬግ ነገሩን የደረሰበት እናቶቹን አንድ በአንድ በመጠየቁ ነው። በእርግዝና ክፍል ለምንሠራ ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ ማሳሰቢያ አላውቅም።

ሐኪሞች ኮንጀኒታል ሩቤላ ሲንድሮም የሚሉት ጉዳት ምን እንደሚመስል ጽሑፉ አንድም ቦታ ስላልገለጸ እኔ ልግለጸው። ከሁሉ የሚበዛው የመስማት ችግር ነው፤ አንዳንዴም ብቸኛው ጉዳት እርሱ ነው። የዓይን ሞራ በአንድ ወይም በሁለቱም ዓይን ላይ ይታያል፤ የዓይን ውስጥ ግፊት የሚጨምርበት ግላኮማም ይከተላል። ጽንሱ በማኅፀን ሳለ ክፍት ሆኖ ከውልደት በኋላ ሊዘጋ የሚገባው ከልብ የሚወጣ የደም ሥር ሳይዘጋ ይቀራል፤ ወደ ሳንባ የሚወስደው የደም ሥርም ይጠባል። ሕፃኑ ከክብደቱ አንሶ፣ ጭንቅላቱ ከመጠኑ አንሶ፣ ጉበቱና ጣፊያው አብጦ፣ ቆዳው ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይዞ ሊወለድ ይችላል። ብዙ ጽንሶች ደግሞ ለመወለድ አይደርሱም፤ ይጨነግፋሉ ወይም ሞተው ይወለዳሉ። ተርፈው ያደጉት ላይ ከዓመታት በኋላ የስኳር በሽታና የታይሮይድ ዕጢ ችግር ከሌላው ሰው በላቀ መጠን ይታያል።

ጉዳቱ በተወለዱበት ቀን የሚቆም አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ጽንሱ በማኅፀን ሳለ የተያዘበትን ቫይረስ በቶሎ ማጽዳት ስለማይችል፣ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላም በጉሮሮውና በሽንቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ከአንድ ዓመት በላይ ቫይረሱን ያስወጣል። እዚህ ላይ የእኛ ባህል ይነሣል። አራስ ሲጠየቅ ቤቱ በሴቶች ይሞላል፤ ገንፎው እየተበላ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል፤ ከጠያቂዎቹ መካከልም እርግዝናዋን ገና ለማንም ያልነገረች አትጠፋም። ጉዳት ይዞ የተወለደ ሕፃን በምንም መንገድ መገለል የለበትም፤ ነገር ግን ምርመራ ተደርጎለት ሩቤላ መሆኑ ከታወቀ፣ የመከላከል አቅም የሌላቸው ነፍሰ ጡር ሴቶች እንዳይታቀፉት ለቤተሰቡ መንገር ይገባል።

«በተፈጥሮ ቢይዛቸው ይሻላል» ወደሚለው ምክር ስንመጣ፣ ጸሐፊው ሽፍታ የወጣበት ልጅ ካለበት ቤት ጤነኞቹን ልጆች ወስዶ ማጫወት ጥሩ እንደሆነ እስከ መምከር ደርሰዋል። አንድ ጊዜ በሩቤላ ታሞ መዳን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ መከላከያ እንደሚሰጥ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ዶዝ ክትባትም ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ በሚሆኑት ላይ እንዲሁ ለረጅም ዘመን የሚቆይ መከላከያ ይሰጣል፤ ልዩነቱ የታመመው ልጅ ቫይረሱን ለሌላ ሰው ማስተላለፉ፣ የተከተበው ልጅ ግን አለማስተላለፉ ነው። ሩቤላ የያዘው ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ ሽፍታው ከወጣም በኋላ እስከ አንድ ሳምንት ድረስ ቫይረሱን ያስተላልፋል። «ነፍሰ ጡሮቹ ብቻ ከልጁ ይራቁ» የሚለው የጸሐፊው ጥንቃቄም በዚሁ ምክንያት አይሠራም፤ ልጁ መታመሙ ከመታወቁ በፊት ቫይረሱን ሲያሰራጭ ሰንብቷልና።

ደግሞስ በከተማችን ከልጅ የሚርቅ ነፍሰ ጡር ማን አለ? አብዛኛው ሰው የሚኖረው አንድ ግቢ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ በሚጋሩ የኪራይ ቤቶች ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች የገጠር ቀበሌዎች የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በየሰፈሩ ክፍል ተከራይተው ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት አብረው ያድራሉ፤ በአውቶቡስ ተጨናንቀው ሥራ ይገባሉ፤ በሺዎች በሚቆጠሩበት አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይውላሉ። ሰው ተራርቆ በሚኖርበት ገጠር ያደገች ልጅ በልጅነቷ ሩቤላ ሳይደርስባት አድጋ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችው ሴት ከተማ ገብታ፣ ትዳር ይዛ፣ በመጀመሪያው እርግዝናዋ ላይ ሳለች የጎረቤት ልጅ «በተፈጥሮ እንዲይዘው» ተብሎ ሩቤላ ይዞ ቢመጣ፣ ምክሩን የሰጠው ሰው ያላሰባት ተጎጂ እርሷ ናት። የአንድን ልጅ መከላከያ በሌላ ሴት ጽንስ ኪሣራ መግዛት ተገቢ አይመስለኝም፤ ጸሐፊውም እንዲህ ተብሎ ቢቀርብላቸው የሚስማሙበት አይመስለኝም።

የግሪክ ጉዳይ ጽሑፉ ካነሣቸው ነጥቦች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ በእውነት የደረሰ ነገር ስለሆነም ሊድበሰበስ አይገባውም። በግሪክ ሩቤላን የያዘው ክትባት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በግል ሕክምና በኩል ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ያገኙት ከልጆቹ ከግማሽ በታች ነበሩ፤ ያልተከተቡትን ወጣት ሴቶች ለማዳረስም በቂ ጥረት አልተደረገም። የተከተቡት ልጆች ቫይረሱ እንደ ቀድሞው በሰፊው እንዳይዘዋወር አደረጉ። ያልተከተቡት ልጆችም በዚህ ምክንያት በልጅነታቸው ሳይያዙ አደጉ፤ መከላከያው የሌላቸው ሴቶች ብዛትም እየጨመረ ሄደ። በ1993 ወረርሽኝ ሲነሣ ቫይረሱ ያገኘው እነዚያን ሴቶች በወሊድ ዕድሜያቸው ላይ ነበር፤ 25 ሕፃናትም በሩቤላ ተጎድተው ተወለዱ።

ጸሐፊው ከዚህ ታሪክ «ክትባቱ ጉዳት አመጣ» የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ሕፃናቱን የጎዳቸው ግን ቫይረሱ ነው፤ ቫይረሱም ያገኛቸው እናቶቻቸው ስላልተከተቡ ነው። የግሪክ ታሪክ የሚያስተምረው ክትባቱን ጀምሮ በግማሽ መንገድ መተው አደገኛ መሆኑን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አደጋ ያውቀው ስለነበር፣ አገራት የሩቤላን ክትባት ከማስጀመራቸው በፊት ቢያንስ 80 በመቶ የሚሆኑ ሕፃናትን በክትባት መድረስ እንደሚችሉ እንዲያረጋግጡ ለዓመታት ሲመክር ቆይቷል። በ2024 የድርጅቱ የክትባት አማካሪ ቡድን ይህ ቅድመ ሁኔታ እንዲነሣ መክሯል። ምክንያቱም ዛሬ ክትባቱ የሚጀመረው ከዘጠኝ ወር እስከ 14 ዓመት ያሉትን ልጆች፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ ባንድ ጊዜ በሚያዳርስ ዘመቻ ሲሆን፣ ይህም ግሪክ ያልሠራችውን ሥራ ከመነሻው ይሠራል፤ በመጠበቅ ብዛትም በየዓመቱ የሚጎዱት ሕፃናት ከሥጋቱ በልጠው ተገኝተዋል። እንግዲህ ጸሐፊው የግሪክን ታሪክ ከልባቸው የሚፈሩት ከሆነ ሊመክሩ የሚገባቸው ተቃራኒውን ነው፤ ዘመቻ ሲታወጅ አንድም ልጅ እንዳይቀር። ከልጆቹ ከፊሉ ተከትቦ ከፊሉ በምክራቸው የሚቀር ከሆነ ያንኑ የሚፈሩትን ሁኔታ ሐዋሳ ላይ ይፈጥራሉ።

ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ መነሻው በ1998 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ 12 ልጆችን ብቻ የተመለከተ ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሽሯል፤ የዋናው ጸሐፊ የሐኪምነት ፈቃድም ተሰርዟል። በዴንማርክ 657,461 ልጆችን የተከታተለውና በ2019 የታተመው ጥናት በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል የኦቲዝም ልዩነት አላገኘም። ከኦቲዝም ጋር የታወቀ ግንኙነት ያለው ራሱ ሩቤላ ነው። በ1964 የአሜሪካ ወረርሽኝ ወቅት በማኅፀን ሳሉ የተያዙ 243 ልጆችን የመረመረችው ሐኪም ስቴላ ቼስ፣ ኦቲዝም ከሚጠበቀው እጅግ በላቀ መጠን እንደታየባቸው በ1971 ዘግባለች። ኦቲዝምን የሚፈራ ወላጅ ሩቤላን ሊፈራ ይገባል።

ያመክናል ለተባለው ረጅም መልስ አያስፈልገውም። በ2008 ብራዚል ብቻ ከ60 ሚሊዮን በላይ ወጣቶችንና ጎልማሶችን በአንድ ዘመቻ ከትባለች፤ ሴቶቹ መውለዳቸውን ቀጥለዋል፤ የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ አህጉራትም በ2015 ከሩቤላ ነፃ ለመሆን የመጀመሪያዎቹ ሆነዋል።

«ከጽንስ አካል የተሠራ ነው» የሚለው ግን ብዙ አማኝ እናቶችን የሚያስጨንቅ ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባል። እውነቱ ይህ ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚሰጠው የሩቤላ ክትባት ስታንሊ ፕሎትኪን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1960ዎቹ ያዘጋጀው ነው። ቫይረሱ የተገኘው እናቱ ሩቤላ ይዟት ከተቋረጠ እርግዝና ሲሆን፣ እንዲዳከም የተደረገውም በ1962 ከአንድ ጽንስ ሳንባ ተወስደው ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ ሲራቡ በኖሩ ሕዋሳት ላይ ነው። ክትባቱን ለማምረት አዲስ ጽንስ አያስፈልግም፤ መርፌው ውስጥም የጽንስ አካል የለም። ጽንስ ማቋረጥን አጥብቃ የምትቃወመው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በቫቲካን የሕይወት አካዳሚዋ በኩል በ2005 ጉዳዩን መርምራ፣ ሌላ አማራጭ እስከሌለ ድረስ ወላጆች ልጆቻቸውንና ነፍሰ ጡሮችን ለመጠበቅ ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ገልጻለች። ኅሊናዋ የሚከብዳት እናት ከሃይማኖት አባቷ ጋር መመካከሯ ተገቢ ነው፤ ስትመካከር ግን ሩቤላ ራሱ ስንት ጽንስ እንደሚያጨነግፍ አብራ ብታነሣ መልካም ነው።

«በእኛ አገር ታይቶ አይታወቅም» የሚለውን ማመን የሚቻለው ያልተፈለገ ነገር ሁሉ የለም ከተባለ ነው። ሽፍታና ትኩሳት ካለበት ልጅ ለኩፍኝ ክትትል የሚወሰደው የደም ናሙና ከኩፍኝ ነፃ ሲሆን ለሩቤላ ይመረመራል፤ በኢትዮጵያም በዚህ መንገድ የሩቤላ ታማሚዎች፣ በብዛትም ልጆች፣ በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ቫይረሱ አለ ማለት ነው፤ ቫይረሱ ባለበትና መከላከያ የሌላቸው ሴቶች ባሉበት አገር ደግሞ የተጎዱ ሕፃናት አለመኖራቸው አይታሰብም። ታዲያ የት አሉ? የልብ ጉዳት ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች እንደሞተ ተቆጥሮ ይቀበራል። የዓይን ሞራ ያለበት ልጅ ዓይነ ስውር ተብሎ ያድጋል። መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ አፉን ሳይፈታ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው ቤተሰቡ የሚጠራጠረው፤ በዚያን ጊዜ ምክንያቱ ሩቤላ ይሁን አይሁን በምርመራ ማረጋገጥ አይቻልም ለማለት ይቀርባል፤ እናትየውም ከዓመታት በፊት ስለነበረ የሦስት ቀን ሽፍታ አታስታውስም። በከተማችን መስማት የተሳናቸውን ልጆች ከሚያስተምሩ መምህራን ጋር የተነጋገረ ሰው፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ሲወለድ ጀምሮ የነበረ የመስማት ችግር ምን ያህል እንደሚያጋጥማቸው ይሰማል። ያ ሁሉ ሩቤላ ነው አልልም፤ ከዚያ ውስጥ ሩቤላ የለም ማለት ግን አይቻልም። አሜሪካ በ1964 እና በ1965 በነበረው ወረርሽኝ ወቅት ስለቆጠረች፣ 20,000 ሕፃናት ጉዳት ይዘው እንደተወለዱና ከእነርሱም ወደ 12,000 የሚጠጉት መስማት እንደተሳናቸው ታውቋል።

በጽሑፉ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር የተጠቀሰው፣ በአንቲባዮቲክና በዳማከሴ መታከምን የሚመለከተው ምክርም መታረም አለበት። ሩቤላ የቫይረስ ሕመም ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ዳማከሴ ማሽተቱና መጠጣቱ ምች ነው ተብሎ ለታሰበ ልጅ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ ለትኩሳቱ እፎይታ ይሰጥ ይሆናል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጠጥታው ጽንሷን ከሩቤላ ያድናል ማለት ግን መሠረት የሌለው ነገር ነው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ለእናትየውም ለጽንሱም እስካሁን የለም።

ለነፍሰ ጡሮች በቀጥታ የምለው ይህ ነው። ሽፍታና ትኩሳት ካለበት ሰው ጋር ከተገናኛችሁ ሽፍታ እስኪወጣባችሁ አትጠብቁ፤ የተገናኛችሁበትን ቀንና የእርግዝናችሁን ሳምንት ይዛችሁ ወደምትከታተሉበት ጤና ጣቢያ ቶሎ ኑ። የሩቤላ የደም ምርመራ በጤና ጣቢያ መደበኛ ምርመራዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስለሌለ ወደ ሆስፒታል መላክ ሊያስፈልግ ይችላል። በቶሎ የተወሰደ ደም የቆየ መከላከያ እንዳላችሁ ካሳየ ሥጋቱ በአብዛኛው ይወገዳል፤ ከሌላችሁ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። አንድ ውጤት ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል በአንድ ወረቀት ተደናግጦ ስለ እርግዝናው መወሰን አይገባም፤ ውሳኔው ከሐኪም ጋር ይሁን። ክትባቱ የተዳከመም ቢሆን ሕያው ቫይረስ ስላለው በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም፤ የተከተበች ሴትም አንድ ወር ያህል ሳታረግዝ እንድትቆይ ይመከራል። ይህ ለጥንቃቄ ነው፤ በላቲን አሜሪካ ዘመቻዎች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ከተከተቡት ሴቶች ውስጥ መከላከያ ያልነበራቸው ወደ 3,000 የሚጠጉት ክትትል ሲደረግባቸው፣ በክትባቱ ምክንያት ኮንጀኒታል ሩቤላ ሲንድሮም ይዞ የተወለደ ሕፃን አልተገኘም። የምታጠባ እናት መከተብ ትችላለች፤ የነፍሰ ጡር ልጆችም ያለ ሥጋት መከተብ ይችላሉ።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ስለ ክትባቱ ያላቸውን አቋም ባይለውጡ እንኳ፣ «ሽፍታ ካልወጣባት ጽንሷ ሰላም ነው» የሚለውን አንቀጽና ልጆችን ሆን ብሎ ማስያዝን የሚመክረውን አንቀጽ አርመው፣ ጽሑፋቸው በተሰራጨበት መንገድ ሁሉ እርማቱን መልሰው እንዲያሰራጩት እለምናቸዋለሁ። ለሚያነሡት ጥያቄም በጽሑፍ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።